እንየው

አርባ ቀን ቀረችኝ ጡረታ ልወጣ፣
ከውሃ ፍሳሽ ቢሮ፣ ከመዝገቡ ጣጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ስመዘግብ፣
የአዘዞን ውዝፍ ከአራዳው ጋር ሳነብ፣
መስኮቴ ያሳየኝ የጎረቤት ግንብ።

አንተ ግን በሌሊት፣ ዶሮ ሳይል ኩኩሉ፣
ኤንትሬህን አሙቀህ፣ ረዳቶች በሙሉ
«መተማ!» «ደባርቅ!» «ወረታ!» እያሉ፤
ሄድክ፣ ትመጣለህ፤ መጣህ፣ ትሄዳለህ፤
የየአገሩን አቧራ ባንገትህ ይዘህ ትገባለህ፤
«ሊማሊሞስ እንዴት ነው?» ስልህ፣
«ፍሬን ነው» ትላለህ።

ስምህን እናትህ «እንየው» ብላ አውጥታ፣
ይህን ሁሉ ዘመን፣ አንድ ቀን፣ ላንድ አፍታ፣
«እንየው» አላልከኝም፣ ካየኸው አንድ ቦታ።

ውሸት እንዳይሆንብኝ፦ አንዲት ቀን ነበረች።
ሚያዝያ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ፀሐይ የከረረች።
ጋራዥ የከረመ አውቶቡስ አስነሥተህ፣
«ለሙከራ ነው» ብለህ፣ አለቃህን ዋሽተህ፣
ስድሳ ሁለት ወንበር ለአራት ሰው ሰጥተህ፣
ጎርጎራ ወሰድከን።

ክንዱ በየተራው ወንበር ሲያዳርስ፣
ስድሳ ሁለቱንም ተቀምጦ እስኪጨርስ፣
አስካል ከደብተሯ ትኬት እየቀደደች፣
«ሒሳብ የኋላ!» ብላ፣ እኔኑ አስከፍላ፣ «መልስ የለኝም» አለች።
ቆላ ድባ ገባን። ትንሹ ማስተዋል
የጠዋቱን ዳቦ ጭኔ ላይ መልሶታል።
ጎማም እዚያው ፈነዳ፤ መቼ ይዘነጋል፤
ክሪኩን ስትጭን ያፏጨኸው ፉጨት ዛሬም ይሰማኛል።

ከዚያ ውሃው መጣ።
ውሃ እኔ የማውቀው በቆጣሪ ሲሽከረከር፣
በኪዩብ ተለክቶ በየወሩ ሲቆጠር፤
ጣና ግን ያለ ልክ፣ ያለ ደረሰኝ፣
እስከ ሰማይ ድረስ ተዘርግቶ አየኝ።
ክንዱ «ባሕር!» ብሎ በነሱሪው ዘለለ፤
የአስካልን ቀይ ጫማ፣ አንዷን እግር፣ ማዕበሉ ይዞ ኮበለለ።
ሌላዋ ዛሬም አለች፣ ከቁም ሳጥኑ አናት፤
ልጥላት አንሥቼ ስንት ጊዜ መለስኳት።

ክንዱ ከሐዋሳ፣ አስካል ከድሬዳዋ
ሲደውሉ ወሬያችን ያችው አንድ ቀን ነዋ!
ስንዝር የነበረው የጎርጎራው ዓሣ
በየዓመቱ አድጎ ዘንድሮ ታንኳ አነሣ።
ማስተዋል ብቻ ነው ዝም የሚል፤ አያስታውስማ፤
«አስታውከህ ነበር» ብለነው፣ ያችኑ ይዞ ይኮራል፣ ይኸው እስከ ዛሬማ።

አንተ ሁለት ዓመትህ ከወጣህ ጡረታ፤
«አስፋልት ጠግቤያለሁ፤ ከእንግዲህ ከዚህ ቦታ
ንቅንቅ የለም!» አልክ። ግን ማታ ማታ
ሚኒባስ ሲያቃስት የማራኪን ዳገት፣
«ማርሽ ቀንስ!» ስትል ነው የምሰማህ ከእንቅልፍህ ሌሊት።

ስማኝማ ታዲያ፦ ክረምቱ ይውጣና፣
ከመጀመሪያው አበሌ (ጡረታም ብር ነውና)
ሁለት ትኬት እቆርጣለሁ፣ ላንተና ለኔ፤
መጀመሪያ ደባርቅ፤ ያንን ሊማሊሞ ማየት አለበት ዓይኔ።
ቁልቁል ልየው ገደሉን፣ ፍሬን የምትለውን፤
ጉም ይሁን፣ ጭላዳ ይሁን፣ ልወቀው ያለውን።
ከዚያ ክንዱ ቤት፤ የልጅ ልጅ ጉንጭ ልሳም፤
ከዚያም ድሬዳዋ፣ ሙቀቱ ቢያቀልጠኝም።
ጎርጎራን በመጨረሻ። ጫማዋን እይዛለሁ።
ምን እንደማደርጋት እንጃ፤
ብቻ እወስዳታለሁ።

ከእንግዲህ መሪ የለም፣ ፍሬንም ከእግርህ ሥር፤
ሾፌሩን አትምከር፣ «ቀንስ» ብለህ አትናገር፤
ተቀመጥ ከጎኔ፤ መንገዱን ተውና
ዳርና ዳሩን እይ፤
አላየኸውምና።

ትናንት ይህን ስልህ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።
ዓይንህ ምስማሩ ላይ፣ ከተሰቀለው ቁልፍ እንደ ፈዘዘ፣
ብዙ ቆየህና፣
«የመስኮቱ ወንበር
የማን ነው?» አልከኝ።

የኔ ነው።
ግን ሊማሊሞ ስንደርስ፣ ተጠጋኝ፣ ጠበብ ይበለን፤
ባንዲት መስኮት አብረን
እንየው፣
እንየው።